ቅቤ የጠጣው የሽጉጥ አፎት

ባሌ ለልጅ ልጃችን ሚስት ለመጠየቅ ወደ ጎረቤላ ሽማግሌ ሆኖ ሊሄድ ሲል፣ ሽጉጥ ካልታጠቅኩ ብሎ ድርቅ አለ። ወንድሙ ሁለት ሽጉጥ ቢያቀርብለት የሚተኩሰውን ትቶ የሚያብረቀርቀውን መረጠ። እጀታውን በቀንድ አሠራ፣ ቀንዱን በብር አስለበጠ። የቆዳ አፎቱንማ እንዲያምርለት ቅቤ እያጠጣ ሲያሸው ሰነበተ። የኔ ፀጉር እንኳ ከሠርጌ ወዲህ ያን ያህል ቅቤ አላየም!

እኔም ተከትዬ ሄድኩ፤ ማን ይከለክለኛል? የልጅቷ አባት በራፍ ላይ ቆመው፣ «መሣሪያ ከደጅ ይቀመጥ፤ ልጅ ሊለምን የመጣ ሰው ታጥቆ አይገባም» አሉ። የባሌ ፊት ጠቆረ። «ሳያዩልኝ?» አለኝ ቀስ ብሎ። ምን ያድርግ፣ አጥሩ ላይ ሰቅሎት ገባ።

ገና «ልጅዎን ለልጃችን...» ብሎ ሲጀምር፣ የቤቱ ውሻ አፎቱን ከነሽጉጡ ነክሶ ቁልቁል ወደ ገደሉ ተፈተለከ። ባሌ ልመናውን እዚያው ጥሎ፣ በርኖሱን ሰብስቦ፣ «ያዙት!» እያለ ተከተለው። እኔ፣ በቃ፣ ልጅቷን አጣናት ብዬ አንገቴን ደፋሁ። አባትየው እንባቸው እስኪወርድ ከሳቁ በኋላ፣ «ልጄንስ ሰጥቻለሁ» አሉኝ፤ «ለሽጉጡ ግን ውሻዬ ዘንድ ሌላ ሽማግሌ ላኩ።»