የማይሰማው የቼክ ሙዚቀኛ

በደርግ ጊዜ ነው፤ ሀዋሳ መናኸሪያ ታክሲ ተሳፍሬ ከግራዬ የተቀመጠውን ሰውዬ አወቅሁት፤ እሱ ግን አላወቀኝም። ቀኝ ጆሮዬ መስማት ሲያቆም ከቀበሌው የኪነት ቡድን ያሰናበተኝ እሱ ነው። ፕራግ ተምሮ ተመልሷል፤ አሁንም የቡድኑ ኃላፊ ነው። ከወዲያ ጎኑ ለተቀመጠችው ሴት ያወራል።

«ቼኮች አንድ ሙዚቀኛ ነበራቸው፣ እትዬ። ሁለቱም ጆሮዎቹ ደነቆሩ።»

«ውይ! ታዲያ ሥራውን ተወ?»

«ምን ሲደረግ! ስለ ወንዛቸው ያንን የመሰለ ሙዚቃ የደረሰው ከዚያ በኋላ ነው። ዛሬም በየሙት ዓመቱ አዳራሽ ሞልቶ ሥራው ይቀርባል።»

«እሱ ራሱ ሳይሰማው ደረሰው?»

«ጆሮ ምን ያደርግለታል? ዋናው ልብ ነው።»

«እሰይ! እንግዲያው ልጄን ይውሰዱልኝ። ክራር ስትመታ ቢያዩዋት! የማይሰማው አንድ ጆሮዋ ብቻ ነው።»

«ለኪነት?»

«ለኪነት ነዋ።»

«አይ እትዬ፣ የአብዮት በዓል ደርሶብናል። መድረክ ላይ ዜማ ብታበላሽ የምጠየቀው እኔ ነኝ።»

«ቼኩስ?»

«እሱማ ቼክ ነው።»

ደህናውን ጆሮዬን በነጠላዬ ሸፍኜ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።