መልስ ያጡት ወይዘሮ ለምን

ሐዘናችንን ለመካፈል የተሰበሰባችሁ ዘመዶች፣ ጎረቤቶችና የፋብሪካ ባልደረቦች፣ ይህን የታላቅ እኅቴን የሕይወት ታሪክ እንዳነብ የተመረጥሁት ታናሽ ወንድማቸው በመሆኔና ሠላሳ ስድስት ዓመት በመምህርነት ስላገለገልሁ ንባብ ይሆንልሃል ተብዬ ነው። ልጆቻቸው ትናንት አንድ ገጽ ጽሑፍ አዘጋጅተው ሰጥተውኝ ነበር፤ ትውልዱም፣ ዘመኑም፣ ሥራውም በትክክል ሰፍሮበታል። ነገር ግን በመጨረሻው አንቀጽ ላይ «በቤተሰባቸው ፍቅርና እንክብካቤ ተከበው ኖሩ» የሚል ዐረፍተ ነገር አገኘሁና ደጋግሜ ባነበው እውነት ሊሆንልኝ ስላልቻለ፣ ሰርዤ ሁሉንም እንደገና ጻፍሁት። ልጆቹ ቢቀየሙኝ እችለዋለሁ፤ ከጥፋተኞቹ አንዱ እኔ ነኝና።

እኅታችን ከዛሬ ሰባ አራት ዓመት በፊት ከአናጢ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው፣ ከእንጨት መሥሪያው ጀርባ ባለችው ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። አባታችን የተራረፈ እንጨት እያነሡ ይህ ምን ሊሆን ይችላል ብለው ሲጠይቋቸው፣ እርሳቸው ለአንዲት ቁራጭ ሰባት ስምንት ሥራ ያወጡላት ነበር፤ የበር ማቆሚያ፣ የክር መጠቅለያ፣ ለሚያነክሰው ጠረጴዛ ምርኩዝ። «ለምን» የምትለው ቃል ከአፋቸው ስለማትጠፋ እናታችን ግማሽ በቁጣ፣ ግማሽ በፍቅር «ወይዘሮ ለምን» አሏቸው፤ የእንጨት ዕቃ ሊያሠሩ የሚመጡት ደንበኞችም ስሙን ተቀብለው አጸደቁት።

እስከ ስምንተኛ ክፍል የተማሩት ከክፍላቸው አንደኛ እየወጡ ሲሆን፣ አባታችን ሦስት ጣቶቻቸውን መጋዝ በቆረጣቸው ዓመት ከሁለታችን አንዱ ብቻ ትምህርቱን ይቀጥል ተባለ። ማን ይቀጥል ብሎ የጠየቀ አልነበረም፤ ወንዱ እኔ ነበርሁ። ወይዘሮ ለምን በሕይወታቸው ለምን ሳይሉ የቀሩት ያን ቀን ብቻ ይመስለኛል። ከደብተሮቻቸው ውስጥ ያልተጻፈባቸውን ገጾች ነቅለው፣ በእናታችን መርፌ ሰፍተው አንድ ደብተር አደረጉና ለእኔ ሰጡኝ፤ እኔም በዚያ ደብተር ተማርሁ፤ ስለዚያ ጉዳይ እስከ ዛሬ ድረስ አመስግኛቸው አላውቅም።

በዐሥራ ስድስት ዓመታቸው በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሽመና ክፍል ተቀጠሩ። ከዘጠና የሚበልጥ ማሽን በአንድ አዳራሽ ሲጮኽ ስለሚውል ሴቶቹ የሚነጋገሩት በከንፈርና በእጅ ነበር፤ የጆሮ መከላከያ ይመጣል ይመጣል እየተባለ ዓመታት ስላለፉም ከወለል ያነሡትን የጥጥ ብናኝ ጠቅልለው ጆሮአቸው ውስጥ ይወትፉ ነበር። በአምስተኛው ዓመት እኅታችን ከሰዓት በኋላ የድሩ ክር አብዝቶ የሚበጠሰው ለምን እንደሆነ ማወቅ ፈለጉና፣ ክሩ የተበጠሰበትን ሰዓትና የማሽኑን ቦታ ሁለት ወር ሙሉ መዘገቡ። በመስኮቱ በኩል ያሉት ማሽኖች የሚያስቸግሩት አየሩ በሚደርቅበት ሰዓት መሆኑን ሲረዱ፣ ጆንያ በውኃ ነክረው መስኮቶቹ ላይ ሰቀሉ፤ ክሩም ልብ ገዝቶ መበጠሱን ቀነሰ። የክፍሉ አለቃ ግን ይህንኑ በራሳቸው ስም ጽፈው ለበላይ አቀረቡና የምስጋና ወረቀትና የደረጃ ዕድገት ተቀበሉበት፤ ለእኅታችን የደረሳቸው ስድስት ጆንያ ያለ ፈቃድ ከመጋዘን በማውጣታቸው የተጻፈ ማስጠንቀቂያ ነበር። «ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው» ይባላል፤ በዚያ ፋብሪካ እሾሁም የደረሰው ለሠሪዋ ነው። እርሳቸው ግን ማስጠንቀቂያውን አልቀደዱትም፤ ጀርባው ባዶ ነው ብለው የሚቀጥለውን ጥያቄአቸውን ጻፉበት።

በሃያ አራት ዓመታቸው የፋብሪካው መካኒክ ከነበሩት ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሠረቱ። መካኒኩ ማሽን ሲፈቱ የሚጠይቃቸውን ሰው አይወዱም ነበር እየተባለ፣ ጠያቂዋን ማግባታቸው ለባልደረቦቻቸው የዓመት ቀልድ ሆኖ ነበር። ከእርሳቸውም ዛሬ የባንክ ሠራተኛ የሆነውን ወንድ ልጃቸውንና ዛሬ የመድኃኒት ባለሙያ የሆነችውን ሴት ልጃቸውን ወለዱ። የእኅታችን ጆሮ እየደከመ መምጣቱን ቀድመው ያወቁት ባለቤታቸው ናቸው፤ አወቅሁ ብለው ሳይናገሩ፣ ሊያናግሯቸው ሲፈልጉ ከጀርባ መጣራቱን ትተው ዞረው ፊት ለፊታቸው ይቆሙ ጀመር። በገበታ ላይ ልጆቹ የተቀላለዱትን በዝግታ ይደግሙላቸዋል፤ እኅታችንም ከሁሉም ኋላ፣ ከሁሉም አብልጠው ይስቁ ነበር።

ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ሠርተው ጡረታ ሲወጡ፣ በሠፈሩ ቤተ መጻሕፍት የአሮጌ ጋዜጣ ማከማቻ የነበረችውን ክፍል አስፈቅደው ዘጠኝ ጡረተኛ ሴቶችን ሐሙስ ሐሙስ ይሰበስቡ ጀመር። እግር ካልሄዱበት እንደሚሰንፍ ሁሉ አእምሮም ካላሠሩት ይሰንፋል ባይ ነበሩ፤ ስለዚህ ሴቶቹን የትናንት ውሏቸውን ከማታው ወደ ጠዋቱ እያስኬዱ ያስተርኳቸዋል፣ ባልለመዱት መንገድ ወደ ቤታቸው እንዲመለሱ ያዟቸዋል፣ እንቅልፋቸውን እንዲጠብቁና የደም ግፊታቸውን እንዲለኩ ይጨቀጭቋቸዋል። አንድ ሐሙስ ክዳኑ ለጠፋበት ማንቆርቆሪያ ዐሥር አገልግሎት ፈልጉ ብለው ዘጠኝ ብቻ ሲገኝ፣ ነርስ የነበሩት ባልቴት ዐሥረኛው ክዳኑን የጣለውን ባል መፈንከቻ ነው ብለው ክፍሉን በሳቅ አናወጡት። የእኅታችን ጥበብ መልመጃው ብቻ አልነበረም፤ ቤታቸው ውስጥ ማንም ምን ታስቢያለሽ ብሎ የማይጠይቃቸውን ዘጠኝ ሴቶች በሳምንት አንድ ጊዜ ምን ታስቢያለሽ ብለው መጠየቃቸው ነበር።

ከዘጠኝ ዓመት በፊት ባለቤታቸው ሲያርፉ እኅታችን ባላቸውንም አስተርጓሚያቸውንም ባንድ ቀን ቀበሩ። ጆሮአቸውም እየባሰበት ሄደ። በሐሙሱ ስብሰባ ሌሎቹ ስቀው ሲጨርሱ ዘግይተው ፈገግ ማለት ሲያሳፍራቸው ጊዜ፣ ጉልበቴን አመመኝ ብለው ቀሩ። በቤትም ቢሆን ስንጫወት «ምን አላችሁ?» ሲሉን «ምንም፣ ተይው» እንላቸው ነበር። ወንድ ልጃቸውም፣ ሴት ልጃቸውም፣ እኔም ብለናል። አንድን ነገር ሦስት ጊዜ ጮኾ መድገም ያደክማል፤ እኛ ደግሞ ቶሎ የሚደክመን ሰዎች ነበርን።

በዚያ ወራት ከአንድ የጤና መጽሔት ላይ፣ ሳይታከም የቆየ የመስማት ችግር የማስታወስና የማሰብ ችሎታን እየጎዳ ሊሄድ እንደሚችል አነበቡና ገጹን ቆርጠው ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፉት። ወደ ጆሮ ሐኪም ውሰዱኝ ሲሉ ወንድ ልጃቸው፣ በክፋት ሳይሆን በቀልድ፣ «እማዬ፣ በዚህ ዕድሜሽ ደግሞ ምን ቀረብኝ ብለሽ ነው የምትሰሚው?» አላቸው። ሁላችንም ሳቅን። እርሳቸው ቃሉን ከከንፈሩ አንብበውት ስለነበር አልሳቁም።

የመጀመሪያው ቀጠሮ በወንድ ልጃቸው ስብሰባ፣ ሁለተኛው በሴት ልጃቸው ቤት መቀየር ምክንያት ተሰረዘ። ለሦስተኛው ቀጠሮ እኔ እወስዳቸዋለሁ ብዬ ቃል ገባሁ። እኅታችን ለብሰው፣ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ከጠዋት እስከ ቀትር በረንዳ ላይ ጠበቁኝ፤ እኔ ረሳሁት። በቤተሰቡ ውስጥ ስለ ማስታወስ የሚጨነቁት እርሳቸው ብቻ ነበሩ፤ የረሳው ግን አእምሮው ጤነኛ ነው የሚባለው ወንድማቸው ነው።

ከሁለት ዓመት በኋላ መርሳቱ በእርሳቸው ላይ መጣ። ባልለመዱት መንገድ ለመመለስ ወጥተው አመሻሽ ላይ ሌላ ሠፈር የተገኙ ቀን፣ ጎረቤቱም ዘመዱም ያሳመማቸው ማሰብ ማብዛታቸው ነው ብሎ ፈረደ፤ ልጆቹም የግቢውን በር መቆለፍ ጀመሩ። ሕይወታቸውን በሙሉ አእምሮ የሚደክመው ሲዘጋበት ነው ሲሉ የኖሩትን ሴት፣ ድምፁ የማይሰማቸው ቴሌቪዥን ፊት አስቀምጠን ዘጋንባቸው፤ ይህንንም ዕረፍት አልነው።

በመጨረሻ ወደ ሐኪም የተወሰዱት ባለፈው ዓመት ነው። ሐኪሟ ስለሚበሉት፣ ስለሚተኙበት ሰዓትና ስለሚወስዱት መድኃኒት ከጠየቁን በኋላ፣ «ለመሆኑ በቀን ስንት ሰው ያናግራቸዋል?» አሉን። ሴት ልጃቸው ወንድሟን አየችው፤ ወንድሟ እኔን አየኝ፤ እኔ ጫማዬን አየሁ። ሐኪሟ ድምፅ የሚያጎላ መሣሪያ ጆሮአቸው ላይ አድርገው የሳምንቱን ቀናት ወደ ኋላ እንዲቆጥሩ ሲጠይቋቸው፣ እኛ ምንም አያውቁም ያልናቸው እኅታችን ሳይደናቀፉ ቆጠሩ። ከዚያም ወንድ ልጃቸው «እማዬ» ብሎ ሲጠራቸው ቀና ብለው አዩትና «ድምፅህ የአባትህ ሆኗል» አሉት። ልጅ ለስንት ዓመት ድምፁን ለእናቱ ሳያሰማ እንደኖረ ያወቅነው ያን ጊዜ ነው። ሐኪሟ የሄደው እንደማይመለስ፣ መሣሪያው ግን የቀረውን ለማቆየት ሊረዳ እንደሚችል ነግረውን የራሳቸውን የጆሮ መስሚያ አዘዙላቸው።

መስሚያው በመጣ በመጀመሪያው ሳምንት ሁላችንም እየተሽቀዳደምን አናገርናቸው። በሁለተኛው ሳምንት ወደ ልማዳችን ተመለስን። ልማዳችን ደግሞ በፊታቸው ስለ እርሳቸው ማውራት ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ፤ የእኅታችን ጆሮ ግን በመስሚያው ከባለቤቱ ታርቆ ነበርና፣ አንድ እሑድ ከምሳ በኋላ ልጆቻቸው በማን ቤት ይቀመጡ በሚለው ሲከራከሩ እርሳቸው አጠገባችን ተቀምጠው ሰሙ። ወንድየው ክፍል የለኝም ሲል ሰሙ። ሴቲቱ ባሌ ይጨነቃል ስትል ሰሙ። እኔም ክርክሩን ላበርድ ብዬ «የትም ብትሆን ለእሷ አንድ ነው፤ ያለችበትንም አታውቅ» ስል ሰሙ። መስሚያውን ቀስ ብለው አወጡ፣ በመሐረብ ጠቀለሉት፣ ከፊቴ አስቀመጡና በጠራ ድምፅ «ይህን ለሚፈልገው ሰው ስጡልኝ፤ እኔ የሚበቃኝን ሰምቻለሁ» አሉ። ከዚያ በኋላ ብንለምናቸውም አላጠለቁትም፤ ከማንም ጋር ብዙ አልተነጋገሩም። ከስድስት ሳምንት በኋላ፣ ከትናንት በስቲያ ማለዳ፣ ደም በአንጎላቸው ውስጥ ፈስሶ በተኙበት ዐረፉ።

እኅታችን የአንድ ወንድና የአንዲት ሴት ልጅ እናት፣ የአራት የልጅ ልጆች አያት ነበሩ፤ ከእነዚህም ሌላ እኔን ወንድማቸውን፣ ከዘጠኙ የሐሙስ ሴቶች በሕይወት ያሉትን አምስቱንና በሽመና አዳራሽ ውስጥ በከንፈር ያነጋገሯቸውን ባልደረቦቻቸውን ትተው ሄደዋል። ከትናንት ጀምሮ በዚህ ግቢ ስለ እርሳቸው የተነገረው ቃል ባለፉት ሰባት ዓመታት ለእርሳቸው ከተነገረው ይበልጣል፤ እኔም ይህን ሁሉ ያነበብሁት እርሳቸው በማይሰሙበት ቀን ነው።

የፍጥረት ሁሉ ጌታ፣ የደከመ ድምፅ የማያሰለቸው አምላክ፣ የእኅታችንን ነፍስ ተቀብሎ በሰላም ያሳርፍልን። በእንዲህ ያለው ቀን ለቤተሰቡ መጽናናትን መለመን የተለመደ መሆኑን ዐውቃለሁ። እኔ ግን ለእርሳቸው ዕረፍትን እንጂ፣ ለእኛ ቶሎ የሚመጣ መጽናናትን አልለምንም።