ወፍጮው ያልጮኸ ዕለት

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ስንዴ ማስፈጨት የእኔ ሥራ ሆኗል። ባለቤቴ "ዕድሜህን ሙሉ የሰው ልጅ ስትፈጭ ኖረሃል፤ ስንዴማ አያቅትህም" እያለች ከረጢቱን ታሸክመኛለች። እኔም መንገዱን ጆሮዬን ተከትዬ እሄዳለሁ። የሰፈራችን ወፍጮ የናፍጣ ነው። የጭስ ማውጫው ጫፍ ላይ ባለቤቱ ቆርቆሮ ገጥመውበት፣ ሞተሩ ሲነሳ "ኩህ! ኩህ! ኩህ!" እያለ እስከ ወንዙ ማዶ ይሰማል። ያን የሰማ ሁሉ ወፍጮ ቤቱ እንደተከፈተ ያውቃል። ባለቤቱንም ሰው በዚሁ ጩኸት "አባ ነጎድጓድ" ይላቸዋል። እኔ ከወፍጮው ጀርባ ባለው ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ ሳስተምር የኖርኩ ሰው በመሆኔ ሌላም ስም አውጥቼላቸው ነበር፤ እዚህ ላይ ግን ባልጽፈው ይሻላል።

ያን ዕለት ጩኸት አልነበረም። ቢሆንም ደጃፉ በከረጢት ተሞልቷል፤ ሰዉም በየከረጢቱ ላይ ተቀምጦ ያወጋል። ከውስጥ ሁለት ሰዎች ይጯጯኻሉ። ጠብ መስሎኝ ልገላግል ሮጬ ገባሁ። ለካ አባ ነጎድጓድና የእህታቸው ልጅ እየተጨዋወቱ ነው። በሞተር ጩኸት መካከል ሲነጋገሩ ስለኖሩ፣ ሞተሩ ዝም ባለበት ቀንም ቀስ ብሎ መናገር አይሆንላቸውም። እሳቸው ደግሞ ሲናገሩ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ዱቄት እንዳይገባባቸው የለመዱት ነው፤ ዱቄት በሌለበትም አይተዉትም።

"እንኳን መጡ፣ መምህር! ይፍረዱኝ!" አሉ ዓይናቸውን ጨፍነው። "አሮጌው ሞተሬ ትናንት ተሰንጥቆ አረፈ። ተሲያት ላይ ነጋዴው አዲስ የናፍጣ ሞተር ጭኖ ይመጣልኛል። ይቺ ልጅ ግን የመብራት ሞተር ካልገዙ ብላ ከጠዋት ጀምሮ ቁም ስቅሌን አሳየችኝ!"

ልጅቷን አውቃታለሁ፤ አስተምሬያታለሁ። ከእኔ በኋላ ሙያ ትምህርት ቤት ገብታ፣ አሁን በገበያው ጥግ የመብራት ሞተር ትጠግናለች። ከልጅነቷ ጀምሮ ጥያቄ አይጎድልባትም ነበር።

"ስለ መግዛቱ ብቻ አይደለም፣ መምህር" አለችኝ። "ከነገ ወዲያ የንግድና የኃይል ሹማምንት በአዳራሹ ስብሰባ ጠርተዋል። ባለ ወፍጮዎቹ ተናጋሪ አድርገው የመረጡት አጎቴን ነው። እሳቸው ደግሞ 'ናፍጣ ይጨመርልን' ሊሉ ነው።"

"ታዲያ ምን ልበል? ጸሎት ላድርስ?"

"አጎቴ፣ ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነው። እስቲ ልጠይቅዎ፤ የናፍጣ ጀሪካንዎ አሁን የት ነው?"

"ማደያ። ከትናንት ጀምሮ ተሰልፏል።"

"ማን ነው የሚጠብቅልዎ?"

"ድንጋይ ጭኜበት መጥቻለሁ።"

ደጅ የተቀመጡት ሳቁ። እንዲህ እየተጮኸ የሚወራ ነገር ለመስማት ጆሮ መጣል እንኳ አያስፈልግም ነበር።

"ተራው ሲደርስስ ናፍጣው ይኖራል?" አለች።

"ከሌለ እንደ ወትሮው ከጓሮ እገዛለኋ!"

"በስንት?"

"በእጥፍ ነዋ! የማታውቂ ትመስያለሽ?"

"እንግዲያው መንግሥት ለእርስዎ ብሎ የደጎመው ናፍጣ የት ገባ?"

አባ ነጎድጓድ አንድ ዓይናቸውን ገለጡ። ከዚያ መልሰው ጨፈኑት። "የት እንደገባማ አገር ያውቃል። ግማሹ በጨለማ ድንበር ይሻገራል። ግማሹን የትልልቁ ሆቴል ጄኔሬተር ይጠጣዋል። ቢሆንም ድጎማው ለድሃው የታሰበ ነው! ቢነሳ ነገ የታክሲው ዋጋ፣ የዳቦው ዋጋ ሰማይ ይወጣል። አንቺ የድሃውን ጉሮሮ ልታስዘጊ ነው?"

ከደጅ "እውነት ነው!" የሚል ድምፅ መጣ። እኔም በልቤ ነጥብ ሰጠኋቸው። የተማረ ሰው ብዙ ጊዜ ወረቀት ላይ ያለውን ሒሳብ አይቶ የድሃውን ምሳ ይረሳል። ልጅቷ ግን አልረሳችም።

"ልክ ነዎት" አለች። "በአንድ ሌሊት ይነሳ ያለ ሰው የድሃ ወዳጅ አይደለም። እኔ የምለው የድጎማው ገንዘብ አቅጣጫ ይዙር ነው። ሹማምንቱ መጀመሪያ ለሕዝቡ አውቶቡስ ይግዙበት፤ ያረጀውን ምሰሶና ሽቦ ያድሱበት። ከዚያ በኋላ ቀስ እያሉ ከናፍጣው ይቀንሱ። ዛሬ የምናደርገውን ልብ ይበሉት፣ አጎቴ። እህላችንን ለውጭ አገር ሸጠን ናፍጣ እንገዛለን፤ ናፍጣውን አቃጥለን የተረፈችንን እህል እንፈጫለን!"

ከደጅ አንዱ ብቻ "ወይ ጉድ!" ሲል ተሰማ።

"ቀረጡንስ ያውቁታል? የናፍጣ ሞተር የእርሻ መሣሪያ ተብሎ ያለ ቀረጥ ይገባል። የመብራት ሞተር ግን የቅንጦት ዕቃ ነው፤ ከፀጉር ማድረቂያ ጋር በአንድ መደብ ነው የሚቀረጠው።"

"ይሄ ወፍጮ የማንን ፀጉር ነው የሚያደርቀው?" አለ ከደጅ አንድ ራሰ በራ ግንበኛ። ራሳቸው አባ ነጎድጓድም ሳቁ፤ ሲስቁም ዓይናቸው እንደተጨፈነ ነው።

ቶሎ ግን ኮስተር አሉ። "ስሚኝ ልጄ። ያንቺ መብራት 'ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ' ነው። በሳምንት ስንት ቀን ይጠፋል? አንገቴን ከሽቦ ጋር ልሰር?"

"ይጠፋል፤ አልዋሽዎትም። ግን ወፍጮ እንደ ሕመምተኛ አይደለም፤ ጥቂት ቢጠብቅ አይሞትም። ሌሊትና ማለዳ ኃይሉ ሲተርፍ ይፍጩ፣ ሲጠፋ ይረፉ። መብራት የሚያመነጨው የግድቡ ውሃ እኮ ሌሊት ሌሊት ምንም ሳይዘውር በከንቱ ይፈሳል። የሚጠቀምበት የለማ! እናንተ ሁላችሁ ናፍጣ ላይ ከሆናችሁ ሽቦው ይታደስ ብሎ የሚጮኸው ማን ነው? እርስዎን የመሰለ ጯኺ ደግሞ በአገሩ የለም።"

ይህኛው ሙገሳም ተረብም ነበር። አባ ነጎድጓድ ግን አልሳቁም። በተሰነጠቀው ሞተር ላይ ተደገፉ።  ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይናቸውን ገልጠው ተናገሩ።

"መምህር፣ ያልነገርኳት ነገር አለ። የመብራት ሞተር አይጮህም። እኔን ደግሞ ሰው የሚያውቀኝ በጩኸቱ ነው። ያ ድምፅ ከጠፋ ወፍጮ ቤቱ ተዘጋ፣ ሽማግሌው አበቃለት ይላሉ። ሰው ካልመጣ ሞተሩ የናፍጣ ሆነ የመብራት ምን ይረባኛል?"

ልጅቷ ወደ እኔ ዞረች። የዚህ መልስ በትምህርት ቤት የሚሰጥ አልነበረም። እኔም አዘንኩላቸው። በዚያ ጩኸት የተነሳ ስንት ጊዜ ጠመኔ ወርውሬ ስረግማቸው የኖርኩት ሰው፣ ፍርሃታቸው ይህን ያህል የዋህ መሆኑን አላሰብኩም ነበር።

"ይቅርታዎን" አልኳቸው፣ "ዛሬ ሞተሩ አልጮኸም። ታዲያ ደጅ ያለውን ይህን ሁሉ ሰው ማን ጠርቶት መጣ?"

አባ ነጎድጓድ በበሩ ብቅ ብለው ሰልፉን ተመለከቱ። ከፊት በቆሎ የያዙ አንዲት ጆሯቸው የማይሰማ እናት ተቀምጠዋል። ከወፍጮው ደንበኞች ሁሉ እሳቸውን የሚቀድም የለም።

"እማማ!" አሉ ባለ ወፍጮው ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብለው፣ አገር እስኪሰማ። "ወፍጮው ሳይጮህ እንዴት መጡ?"

እማማ ግራ ገብቷቸው አዩዋቸው። "ይጮሃል እንዴ?" አሉ።

ሰፈሩ በሳቅ ፈረሰ። ግንበኛው ከከረጢቱ ላይ ወደቀ። እማማ ምን እንዳሳቀን ሳያውቁ አብረው ሳቁና "እኔ የምመጣው ዱቄቱ ስለሚልም፣ አንተም ስለማትሰርቀኝ ነው" ብለው ጨመሩ።

ከዚህ በኋላ ብዙ ክርክር አልነበረም። ተሲያት ላይ መኪናው አዲሱን የናፍጣ ሞተር ጭኖ ሲደርስ አባ ነጎድጓድ ሳያስወርዱ ዙሪያውን አንድ ጊዜ ዞሩት። "ከእጅ አይሻል ዶማ!" አሉና ነጋዴውን በትህትና ሸኙት። ነጋዴው ለምን እንደሆነ ሲጠይቅ "ጩኸቱን ለራሴ ላስቀረው ብዬ ነው" አሉት።

በስብሰባው ቀን እኔም ሄድኩ። አዳራሹ ግጥም ብሏል። ማራገቢያው ከላይ ይዞራል፤ ሹማምንቱ ከፊት ውሃ ይጠጣሉ። አባ ነጎድጓድ ማይክ ተሰጣቸው፤ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ጀመሩ። ስለ ድንጋዩና ስለ ጀሪካኑ፣ ስለ ፀጉር ማድረቂያው ተናገሩ። "ድሃውን መርዳት ካሰባችሁ ድጎማውን ከጀሪካን ወደ ሽቦ አዙሩት! የሥራ ዕቃ እንደ ጌጥ አይቀረጥ!" እያሉ፣ "መብራቱ ይ..." ሲሉ መብራቱ ድርግም አለ። ማይኩ ሞተ። ማራገቢያው ቀስ እያለ ቆመ።

አባ ነጎድጓድ ግን አልቆሙም። "...ስተካከል! ሽቦው ይታደስ! እኛ እንሠራለን፤ እናንተ ኃይሉን ስጡን!" ድምፃቸው ከመስኮት ወጥቶ መንገደኛ አስቆመ። ከእሳቸው በኋላ ሊናገሩ የተዘጋጁት ሹማምንት ግን ያለ ማይክ የሚሰማ ድምፅ አልነበራቸውም። አዳራሹ በሳቅና በጭብጨባ ተናወጠ። ዋናው ሹም ራሱ እየሳቀ፣ ማስታወሻ የሚይዘውን ሰው "ይህን ጻፍ፤ አሁን የተባለውን በሙሉ ጻፍ" አለው።

ሁሉም ነገር በአንድ ቀን አልተለወጠም። የመብራት ሞተር ቀረጥ ግን በግማሽ ወረደ፤ በሰፈራችንም የበሰበሱት ምሰሶዎች ተነቅለው አዲስ ተተከሉ። አባ ነጎድጓድም የእህታቸው ልጅ የመረጠችላቸውን የመብራት ሞተር አስተከሉ። መብራት አሁንም ይጠፋል፤ እንደ ድሮው ግን አይደለም። አባ ነጎድጓድ በናፍጣ ሰልፍ ያጠፉት የነበረውን ጊዜ ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ያሳልፋሉ። ዱቄቱ ናፍጣ አይሸትም፤ የናፍጣው ጭስ ያመጣባቸው ሳልም ቀለል ብሏል። ሌሎቹ ባለ ወፍጮዎችም አንድ በአንድ እየተከተሏቸው ነው። ከጀርባ ባለው ትምህርት ቤት መምህሩ የሚለው ይሰማል፤ ይህ ለተማሪዎቹ ጥቅም መሆኑን ግን ገና አላረጋገጥኩም። በወፍጮው ደጅ ሰዉ ተራውን እየጠበቀ ስለ ቀረጥና ስለ ግድብ ያወራል። ድሮ በዚያ ጩኸት ማን ማንን ይሰማ ነበር!

ባለፈው ሳምንት ስንዴ ይዤ ስሄድ ሞተሩ ዝግ ብሎ ይዘምራል። አባ ነጎድጓድ መዳፋቸውን ጣል አድርገውበት ነበር፤ ዝግ ያለው ድምፁ ስለማይሰማቸው መሥራቱን የሚያረጋግጡት እንዲያ ነው። በእጃቸው ጠሩኝና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። ሲያንሾካሹኩ ሰምቻቸው አላውቅም።

"መምህር፣ ያን ቀን በአዳራሹ መብራት ጠፍቶ ነበር አሉ?"

"አዎ፣ አልነገሩዎትም እንዴ?"

"ይቺ የእህቴ ልጅ ትናንት ነገረችኝ። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ አላየሁም እኮ! ያን ሁሉ ጭብጨባ በንግግሬ ነው ብዬ ስኩራራ ከረምኩ።"

"ንግግርዎም ነበረበት" አልኳቸው።

ትንሽ አሰቡ። "ለማንኛውም ሽቦው ታድሷል" አሉና፣ ድምፃቸውን ወደ ቦታው መልሰው፣ እስከ ወንዙ ማዶ በሚሰማ ጩኸት ተጣሩ፦

"ተረኛ!"