ጥርስ ሐኪሙ አክስቴን ያዘለበት ታርጋ

ቀድሞ የተሰጠን ቃል ለማረም የተሰጠ የምስክር ቃል

መጠሪያ፦ በሰፈርና በሥራ ቦታ «ካርታዋ»፤ የመዝገብ ስሟ በተለየ ወረቀት ተይዟል
ዕድሜ፦ 29
ሥራ፦ የመነጽር ቤት ሠራተኛ
አድራሻ፦ ከዳቦ ቤቱ ጀርባ ባለው ግቢ፣ ከእናቷና ከታላቅ ወንድሟ ጋር
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል
ጉዳዩ፦ ማክሰኞ ምሽት በጋዜጣ አዟሪው ላይ የደረሰ የመኪና ግጭት

ማክሰኞ ማታ እዚሁ ክፍል ውስጥ ቃሌን ሰጥቼ ፈርሜአለሁ። ዛሬ የመጣሁት በዚያ ቃል ውስጥ የተናገርኩት የታርጋ ቁጥር ስህተት ስለሆነ ነው። በኔ ስህተት አንድ ሰው ታስሯል። ከትናንት ከሰዓት በኋላ ጀምሮ ድንጋጤው አልለቀቀኝም፤ ቃል ቢደበላለቅብኝ መርማሪው እንዲያስቆሙኝ ጠይቄ እሺ ብለውኛል።

ማክሰኞ ምሽት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ የመነጽር ቤቱን በር ዘግቼ ስወጣ፣ ሁልጊዜ ከበራችን ፊት ለፊት የሚቆመው ጋዜጣ አዟሪ ሽማግሌ መንገዱን እያቋረጠ ነበር። ጽሑፍ የሌለበት ነጭ የዕቃ መኪና ከመታጠፊያው ወጥቶ ገጨው። ሽማግሌው ወደቀ፣ ጋዜጣው መንገዱን ሞላው። መኪናው ለቅጽበት ቆም ብሎ ከዚያ በረረ። ሾፌሩን አላየሁም። ያየሁት የኋላውን ታርጋ ነው፤ ዓይኔን የሚጠራጠር ካለ መነጽር ቤት እንደምሠራ ይታወስልኝ። ሽማግሌው ዳሌው ተሰብሮ እስከ ዛሬ ራሱን ሳያውቅ ሆስፒታል ተኝቷል።

ቁጥሩን እንዴት እንደያዝኩ ማስረዳት ግድ ነው፤ ስህተቱ ያለው እዚያ ነውና። እኔና ታላቅ ወንድሜ የመጫወቻ ካርታና ቁጥር በቃል መያዝ እንወዳለን። እሱ የሊፍት ጥገና ሠራተኛ ነው። አባታችን ከሞተ ወዲህ ያሳደገኝ እሱ ስለሆነ ወንድምጋሼ ነው የምለው። ልጅ ሆኜ የማባዛት ሰንጠረዥ አልገባ ሲለኝ «ቁጥር ፊት የለውም፣ ለዚህ ነው የሚጠፋብሽ፤ ፊት እንስጠው» አለኝ። ከዜሮ ዜሮ እስከ ዘጠና ዘጠኝ ላለው ለእያንዳንዱ ቁጥር የምናውቀውን ሰው መደብን። ሃምሳ ሁለቱንም ካርታዎች ለእነዚሁ ሰዎች አከፋፈልን። ሃያ ጥርስ ሐኪሙ ነው። ዘጠና አንድ ልብስ ሰፊው ነው። ስድስት አኃዝ ሲመጣ ሦስት ሰው ይሆናል፤ የመጀመሪያው ሁለተኛውን ያዝላል፣ ሁለተኛው ሦስተኛውን ውኃ ይረጫል። ደንቡ ይኸው ነው። ሰው ሲሰማው ያስቃል፣ ሥራውን ግን ይሠራል፤ የተበወዘ ካርታ አንዴ አይቼ ከላይ እስከ ታች እጠራለሁ፣ ቅጽል ስሜም የመጣው ከዚያ ነው። ሥዕሉ ከተሳለ በኋላ ቁጥሩ ራሱ ከጭንቅላቴ ይወጣል። የሚቀረው ሥዕሉ ብቻ ነው።

ማክሰኞ ታርጋውን ሳይ የመጣልኝ ሥዕል ይህ ነበር፤ ጥርስ ሐኪሙ ነጭ ካፖርቱን እንደለበሰ አክስቴን አዝሏል፣ አክስቴ በጀርባው ሆና ልብስ ሰፊውን ውኃ ትረጨዋለች። ሰው ደም በደም ሆኖ ወድቆ እያየሁ ይህ በዓይኔ መምጣቱ አሳፍሮኛል፣ ግን ልማድ ነው። ጣቢያ ገብቼ ቁጥሩን ስጠየቅ ሥዕሉን ወደ ቁጥር መለስኩትና 20-73-91 አልኩ። መርማሪው «እርግጠኛ ነሽ?» ሲሉኝ «እንዴታ!» ብዬ ተቆጥቼ መለስኩላቸው። ያንን እንዴታዬን ዛሬ መልሼ ብውጠው ደስ ይለኝ ነበር።

በዚያው ማታ ቤት ስገባ እናቴ ተኝታለች፣ ወንድሜ ብቻውን እራት ይበላል። እያለቀስኩ ሁሉንም ነገርኩት። ሥዕሉንም ነገርኩት፤ ሐኪሙን፣ አክስቴን፣ ውኃውን። እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ከዚያ «ቁጥሩን ስንት አልሻቸው?» አለኝ። ነገርኩት። «ጎበዝ» አለኝና ሳህኑን አንስቶ ወደ ጓዳ ገባ። ሽማግሌው ይሞታል ብሎ የፈራ መስሎኝ ነበር።

ረቡዕ ያ ታርጋ ያለው መኪና ተገኘ ተባለ። የሶፋ አመላላሽ ሰው ነጭ የዕቃ መኪና ሆነ፤ የመኪናው ፊትም ተጨራምቷል። ሰውየው የግቢ በር ገጭቼ ነው ቢልም የሚያምነው አላገኘም፤ እኔም አላመንኩትም። በማግስቱ ሚስቱ መነጽር ቤት ድረስ መጣች። እርጉዝ ናት። ወንበር ብሰጣት አልቀመጥም አለች። «አንቺ ቁጥር አትስቺም ይላሉ፤ እኔ ደግሞ ባሌን አልስተውም» አለችኝ። ይህን ብላ ወጣች። ደንበኞች ፊት ተዋረድኩ ብዬ ተናደድኩባት እንጂ ቃሏን አላሰብኩበትም።

ትናንት ዓርብ ወንድሜ ስልኩን ቤት ረስቶ ሄደ። ከምሳ በኋላ ወደ መሥሪያ ቤቱ ጋራዥ ወሰድኩለት። ጋራዡ ለሠራተኞቹ በዕለቱ ያገኘውን መኪና ስለሚሰጥ ወንድሜ የትኛዋን እንደሚነዳ ለይቼ አላውቅም ነበር። እሱ ለሥራ ወጥቷል። ጥበቃውን እየጠበቅሁ ወደ ጥግ ስመለከት ሸራ የተጣለባት ነጭ የዕቃ መኪና ቆማለች፣ ሸራው ከኋላ ተገልጦ ታርጋዋ ይታያል። ሳላስበው ሥዕሉ መጣ። ጥርስ ሐኪሙ አክስቴን አዝሏል፣ አክስቴ ልብስ ሰፊውን ውኃ ትረጨዋለች።

ጠጋ አልኩ። ከዚያ ቁጥሩን አንድ በአንድ አነበብኩት። 20-46-91 ይላል። መጀመሪያ ያሰብኩት አበድኩ ብዬ ነው፤ ሥዕሉ አንድ፣ ቁጥሩ ሌላ። ከዚያ ገባኝ።

አክስቴ ለብዙ ዓመት ሰባ ሦስት ነበረች። አርባ ስድስት ባሏ ነበር። አጎታችን በቅርቡ ሲሞት ጨዋታችን ከበደን፤ የእሱ ካርታ በወጣ ቁጥር እንባዬ ይመጣና የተቀረው ይጠፋብኛል። ወንድሜ «የሞተ ሰው አይታዘልም፣ ውኃም አይረጭም። እሷ በባሏ ወንበር ትቀመጥ» አለ። በሰባ ሦስት የጎረቤታችንን ውሻ አስገባን፣ አክስታችን አርባ ስድስት ሆነች። አዲሱን ቦታዋን በየቀኑ ተለማምጄው ስለነበር መንገድ ላይ ዓይኔ በትክክል ሣለው። ጣቢያ ስገባ ግን ሽማግሌው ከዓይኔ ስላልጠፋ ምላሴ የቀደመውን ቁጥሯን ጠራ። ሥዕሉን በአዲሱ ሥዬ በአሮጌው አነበብኩት። ስህተቱ ይኸው ነው፣ ሌላ የለውም።

ጥበቃው ከኋላዬ መጥቶ «ይቺማ የወንድምሽ ናት፤ ማክሰኞ ማታ ግንብ ገጨሁ ብሎ አስገባት፣ መብራቷ ረግፏል» አለኝ። እዚያው ጎማ ላይ ተቀመጥኩ። ጥበቃው ውኃ አመጣልኝ።

መርማሪው የበለጠ ያስደነገጠኝ ምን እንደሆነ ጠይቀውኛል። ወንድሜ ሰው መግጨቱ ብቻ አይደለም። መግጨትስ ክፉ አጋጣሚ ነው፣ በማንም ይደርሳል። ያንን ሥዕል በዚህ ዓለም ላይ ማንበብ የሚችል ከኔ ሌላ አንድ ሰው ብቻ ነው። አክስቴን ከሰባ ሦስት ያነሳት ራሱ ነው። እኔ ማክሰኞ ማታ ጉንጬን እየጠረግሁ ስነግረው የራሱን ታርጋ እየሰማ ነበር፣ መሳሳቴንም እየሰማ ነበር፣ ከዚያ ጎበዝ አለኝ። ሌሊቱን ሙሉ ያቺ ጎበዝ ጆሮዬ ላይ ስትደወል አደረች።

ዛሬ ጠዋት እንደ ልማዱ በሌላ መኪና ሥራ ሊያደርሰኝ ይዞኝ ወጣ። መንገድ ላይ «ወንድምጋሼ፣ አክስቴን ስንት ላይ ነው ያስቀመጥናት?» አልኩት። ፍጥነቱን ቀነሰ። ከዚያ «አርባ ስድስት» አለ።

«ማክሰኞ ስነግርህ ታውቅ ነበር?»

«ገና አክስቴ ስትዪ።»

«ሰውየው እኮ ታስሯል። ሚስቱ እርጉዝ ናት።»

«ማስረጃ አጥተው ይለቁታል ብዬ ነው፣ ሚጡ። ዛሬ ይለቁታል፣ ነገ ይለቁታል እያልኩ ነው ያደርኩት።»

«ማስረጃውማ እኔ ነኝ!» ብዬ ጮኽኩበት። በሕይወቴ ጮኼበት አላውቅም። መኪናውን ዳር አስያዘና ግንባሩን መሪው ላይ ደፋ። ያንን ሰው ጠላሁት፣ በዚያው ቅጽበት ደግሞ ጀርባውን ላሻሽለት እጄ ተነሣ። የቱን እንዳደረግሁ አላስታውስም። ቀና ሲል ወዴት እንደምሄድ አልጠየቀኝም፤ መኪናውን አዙሮ ወደዚህ አመጣኝ።

አሁን ወንድሜ የት እንዳለ ተጠይቄ የሰጠሁት መልስ፤ በዋናው በር ፊት ለፊት መኪናው ውስጥ ተቀምጧል። ምን ልናገር እንደገባሁ ያውቃል። አብሮኝ እንዲገባ ብለምነው «አንቺ ቅደሚ፣ እኔ እግሬን እስካገኝ» አለኝ። ስጨርስ ሥራ ቦታዬ አደርስሻለሁም ብሏል።

ከላይ የተጻፈው ተነቦልኝ ሰምቻለሁ፤ የኔው ቃል ነው። አንዱንም ሳልጨምር፣ ወንድሜ ነው ብዬም አንዱን ሳልቀንስ ተናግሬአለሁ፤ ሐሰት ቢገኝበት በሕግ እጠየቃለሁ። ትክክለኛው ታርጋ 20-46-91 ነው። የታሰረው ሰው ዛሬውኑ ወደ ሚስቱ እንዲሄድ እለምናለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ ተፈርሟል
የመርማሪ ፊርማ፦ ተፈርሟል

የመርማሪ ማስታወሻ፦ ተጠርጣሪው በበሩ ፊት ለፊት ስላለ ምስክሯ በጓሮ በር ብትወጣ እንደሚሻል ተነግሯት እምቢ ብላለች። «ብቻውን አይገባም» ብላ በዋናው በር ወጥታ፣ የመኪናውን በር ራሷ ከፍታ፣ ወንድሟን እጁን ይዛ ወደ ጣቢያው አስገብታለች።