በዳንቴል የታፈነው ኮምፒዩተር

(ሀዋሳ፣ ረፋድ ላይ፤ ትንቢት ዕቃ በዕቃ ገዝታ በገዛ እጇ የገጣጠመችውን ኮምፒዩተር ሳሎን ወለል ላይ ከፍታዋለች፤ እናቷ ወይዘሮ የሻረግ ብሎኖቹን በመዳፋቸው ይዘውላታል።)

የሻረግ፦ እኔ እኮ ያልኩሽ አንድ ነገር ነው። ሰው ተሠርቶ ያለቀ ይገዛል እንጂ ዕቃ ለቃቅሞ ኮምፒዩተር አይሠራም።

ትንቢት፦ እማዬ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ሠርቷል። የሞተው ደግሞ እሱ አይደለም፤ መብራቱን ከግድግዳ ተቀብሎ የሚያከፋፍለው ይሄ ሣጥን ነው። ፓወር ሰፕላይ ይባላል። እሱን አውጥቼ ጠዋት የገዛሁትን አዲሱን እተካለሁ፣ አለቀ።

የሻረግ፦ አለቀ? ትናንት ቷ ብሎ ሲጨስ ከወንበርሽ ዘለሽ አልነበር?

ትንቢት፦ ደንግጬ አይደለም።

የሻረግ፦ ታዲያ እስክስታ ነው?

ትንቢት፦ ብሎኖቹን ብቻ አደራ። አንድ እንዳይጠፋ።

የሻረግ፦ የጋብቻ ቀለበቴን እንኳን እንዲህ ጠብቄ አላውቅም። ለመሆኑ ባይነሳስ?

ትንቢት፦ ይነሳል።

የሻረግ፦ ባይነሳስ ነው ያልኩሽ።

ትንቢት፦ ባይነሳማ የምስለው የወይዘሮ አሰገደች ቤት ፕላን እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይደርስም። የመጀመሪያ ሥራዬ ለሌላ ሰው ይሰጣል። ይሄ ካልተሳካ ቅጥር እገባለሁ ብዬሻለሁ፣ ቃሌ ቃል ነው፤ ሰኞ ጋሼ ሽብሩ ቦታ የያዘልኝ መሥሪያ ቤት ገብቼ ማህተም ስመታ እውላለሁ።

የሻረግ፦ ማህተም መምታት ምን አለው? ወንበሩ ይሽከረከራል አሉ።

ትንቢት፦ ይሄ ያንን ርካሽ ዕቃ የሸጠልኝ ሰውዬ ጥፋት ነው።

የሻረግ፦ በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ። ማን ግዢ አለሽ?

ትንቢት፦ ቆይ። ይሄ ምንድነው?

የሻረግ፦ ምኑ?

ትንቢት፦ የፓወር ሰፕላዩ ማራገቢያ ላይ ነጭ ክር ተጠምጥሞበታል።

የሻረግ፦ የሸረሪት ድር ይሆናል።

ትንቢት፦ ሸረሪት በኪሮሽ ትሠራለች እንዴ? ይሄ የሶፋው ዳንቴል ነው።

የሻረግ፦ የሶፋው አይደለም። ለእሱ ብዬ ለብቻው የሠራሁት ነው።

ትንቢት፦ ለማን?

የሻረግ፦ ለኮምፒዩተሩ። ጀርባውን አለበስኩት። ትናንት ሲጨስ ጊዜ ቦጨቅ አድርጌ ነጠላዬ ስር ደበቅኩት።

ትንቢት፦ እማዬ፣ ይሄ ነገር እኮ በጀርባው ነው የሚተነፍሰው። ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ነው የተቃጠለው። አፍነሽ ገደልሽው።

የሻረግ፦ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ። ቴሌቪዥኑ ስድስት ዓመት ዳንቴል ለብሶ ምን ሆነ?

ትንቢት፦ እውነቱን ንገሪኝ፣ አልቆጣም። ጋሼ ሽብሩ ጋ እንድገባልሽ ብለሽ ነው?

የሻረግ፦ አንቺ ልጅ፣ አፍሽን ያዢ።

ትንቢት፦ ታዲያ ለምን?

የሻረግ፦ ባለፈው የማኅበር ሰዎች ሲመጡ አንቺ አልነበርሽም። ወርቅያንስ ገና ከመግባቷ፣ ይሄን ሽቦው የተንዘረፈፈ ቆርቆሮ ሳሎን ማን አስቀመጠው አለችኝ። ደሜ ፈላ። ልጄ በገዛ እጇ የሠራችው ነው አልኳት። ሁሉም ብድግ ብለው ዙሪያውን አዩት። ከዚያ በኋላ ራቁቱን መተው ከበደኝ፤ ሰው የሚያየው ነገር ሆነ እኮ። እንዲያምርበት ብዬ ነው።

ትንቢት፦ ልጄ የሠራችው አልሻቸው?

የሻረግ፦ አርፍዳ ለመጣችውም ደገምኩላት።

ትንቢት፦ ለእኔ ግን አንድ ቀን እንኳን ብለሽኝ አታውቂም።

የሻረግ፦ አንቺማ ሲያሞግሱሽ ሥራ ትፈቺያለሽ። በይ ብሎኖችሽን ውሰጂ፣ እጄ አላበው።

ትንቢት፦ አምጪ። ይሄ እዚህ፣ ይሄ እዚህ… ገመዶቹም ገቡ። በይ ሶኬቱን አንቺ ሰኪው።

የሻረግ፦ ለምን እኔ?

ትንቢት፦ የገደለ ያስነሳ።

የሻረግ፦ በስመ አብ። ሰካሁት።

ትንቢት፦ ዞረ። ማራገቢያው ዞረ። ቆይ፣ ፋይሉን ልክፈተው… እማዬ፣ ፕላኑ እንዳለ አለ። አንድ መስመር አልጠፋም። ገና አምስት ሰዓት ነው፣ እደርሳለሁ።

የሻረግ፦ እልል ልበል ወይስ ይደነግጥብናል?

ትንቢት፦ እሱን ተይውና ለጋሼ ሽብሩ ደውዪለት። ሰኞ አትመጣም በዪው። እኔ ከነገርኩት ይቀየመኛል።

የሻረግ፦ ደውዬለታለሁ። ቦታውን ለሌላ ስጠው ብዬዋለሁ።

ትንቢት፦ መቼ? አሁን እኮ ነው የተነሳው።

የሻረግ፦ ጠዋት፣ አንቺ አዲሱን ልትገዢ ስትወጪ። ይሄ ገና ሬሳ ሆኖ ሳለ።