የሐዲዱ ዘበኛና የዳኛው ፍርድ

በ2010 ዓ.ም. በጥቅምት ወር መጨረሻ፣ አቶ ወልደማርያም ከልቅሶ ቤት ወጥተው ወደ ሸዋ ሮቢት የሚያደርሳቸውን ባጃጅ ሊጠብቁ፣ የባቡሩ ሐዲድ የገጠሩን መንገድ ከሚያቋርጥበት ቦታ ደረሱ። ቆላው እንደ ልማዱ ይፋጃል። ከአንዲት ግራር በቀር ጥላ የሚባል የለም፤ ከግራሯ ሥር ደግሞ በዚያ ቀን ሊያዩት የማይፈልጉት ሰው ተቀምጧል።

ሰውየው ኪሩቤል ይባላል። ብርቱካንማ ሰደርያ የለበሰ፣ ክንዱ ላይ የጥበቃ ጨርቅ ያሰረ፣ ፊሽካ በአንገቱ ያንጠለጠለ የሮቢት ልጅ ነው፤ ከቴክኒክና ሙያ ተመርቆ በባቡሩ ድርጅት የሐዲድ ጥበቃ ሆኖ ተቀጥሯል። አቶ ወልደማርያም ደግሞ የቀበሌው ማኅበራዊ ፍርድ ቤት ሰብሳቢ ናቸው። ከአራት ሳምንት በፊት ይህንኑ ልጅ ችሎት አቁመው፣ በሕዝብ ፊት ድንጋይ አሸክመው ይቅርታ አስጠይቀውታል። ይቅርታ የጠየቀውም በቀለ የሚባለውን ገበሬ ነበር። ዛሬ የበቀለ ሰልስት ነው።

ልጁ ከመቀመጫው ተነሥቶ እጅ ነሣ። «እግዜር ያጥናዎት ጋሼ» አለ።

«ያጥናን» አሉ አቶ ወልደማርያም በደረቁ። ከዚያ አላስቻላቸውም። «ልቅሶ ቤት አላየሁህም። ሰው ዓይንህ እያየ ሞቶ፣ መጥቶ ማልቀሱስ ይከብዳል?»

«መጥቼ ነበር። የበቀለ ወንድሞች ከደጅ መለሱኝ።»

«አልፈርድባቸውም። ያንተ ሥራ ሰውን ከሐዲድ ላይ ማንሣት መስሎኝ። በዚያች ሰዓት እጅህ ምን ሆኖ ነበር?»

ለቀባሪው አረዱት ይሏል ይህ ነው። በሦስት ቀን ውስጥ ኪሩቤል ራሱን ያልጠየቀው አንድም ጥያቄ አልቀረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የይፋት ቆላ ገበሬ ማሾ የሚባለው ጥራጥሬ ሲደርስለት የሚፈልገው ነፋስ ነው። ነፋስ ከሌለ እብቁ ከፍሬው አይለይም። ባቡሩ ሲመጣ ለሐዲዱ ተብሎ አፈሩ ከፍ ተደርጎ ተደለደለ፤ ከሰዓት በኋላ የሚነሣው ነፋስ እንደዚያ ድልድል አድርጎ የሚነፍስበት ቦታ በአካባቢው የለም። ገበሬው ይህን ባየ ጊዜ እሰይ አለ። ማሾውን በሸራ አስጥቶ፣ ወቅቶ፣ ማዝሪያ ላይዳውን ይዞ ሐዲዱ ላይ ወጣ። በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ! ባቡሩ በዚያን ጊዜ ገና ሰው አይጭንም፤ ጠጠር የሚያመላልስ የሥራ ባቡር በቀን አንዴ፣ አንዳንዴም በሁለት ቀን አንዴ ያልፋል። ገበሬው ደግሞ አልፎ አልፎ የሚመጣን ነገር እንደማይመጣ ይቆጥረዋል።

«ከመጀመሪያው ልንገርዎት» አለ ኪሩቤል። «በመስከረም መጨረሻ በቀለን እዚሁ ላይ ሲያዘራ አገኘሁት። ለመንኩት፤ አልሰማኝም። ባቡሩ ሲቃረብ ክንዱን ይዤ ጎትቼ አወረድኩት። ሸራው ተገለበጠ፣ ማሾው ፈሰሰ። ከሰሰኝ። እርስዎ ደግሞ ምን አሉኝ?»

«ያልኩትን አውቃለሁ።»

«“አንተ የድርጅት ዘበኛ ነህ። ሰው የሚይዝ መንግሥት ነው። ሁለተኛ በሰው ገላ ላይ እጅህን ብታሳርፍ ወህኒ ትወርዳለህ” አሉኝ። ሕዝቡ አጨበጨበ።»

«ውሸት ተናገርሁ?»

«እውነት ነው የተናገሩት። ሥልጣን አልነበረኝም፤ ዛሬም የለኝም።» ልጁ ወደ ሐዲዱ ተመለከተ። «ባለፈው እሑድ ባቡሩ ፉርጎዎቹን ከፊት እየገፋ ይመጣ ነበር። ነጂው ከኋላ ስለሆነ አያይም፤ ፊት ያለው ባንዲራ ያዡ ቢያይም፣ ጠጠር የጫነ ባቡር ፍሬን ተይዞ እስከዚያ ማዶ ዋርካ ድረስ ሳይንሸራተት አይቆምም። በቀለ ለአቧራው ብሎ ጆሮውንም አፉንም በሻሽ ጠምጥሞታል። ፊሽካ ነፋሁ። ጠጠር ወረወርኩ፤ ጀርባውን አገኘሁት። ዞረ። አምስት እርምጃ ቢሆን ነው በመካከላችን ያለው። እጄን ዘረጋሁ። ላይዳውን አነሣብኝና “ደግሞ መጣህ? ዳኛው ያሉህን ረሳኸው?” አለኝ።»

አቶ ወልደማርያም ምርኩዛቸውን ጨበጡ።

«እጄን መለስኩት ጋሼ። እርሱ ፊቱን ወደ እኔ አዙሮ ሲቆጣኝ ነው ባቡሩ የደረሰበት።»

ወይ ጉድ! ሰው ፍርድ ሰጥቶ ወደ ቤቱ ይገባል፣ ራቱን በልቶ ይተኛል፤ ፍርዱ ግን አይተኛም፤ ሰው ቤት ገብቶ ሲሠራ ይከርማል። ሽማግሌው ይህን ያህል አላሰቡበትም ነበር። ጥፋትን ማመን ግን ለጨዋ ሰው ከሁሉ ይከብዳልና መልሰው ተቆጡ።

«ስለዚህ እኔ ነኝ የገደልኩት?»

«እንደሱ አላልኩም።»

«ስማ ልጄ። ዛሬ በስምንት ሰዓት ወረዳው ሽማግሌዎችን ሮቢት የጠራው ለዚህ ነው። ለሐዲድ ጠባቂዎች ሰው የመያዝ ሥልጣን ይሰጣቸው ወይስ አይሰጣቸው፣ አስተያየታችሁን ስጡ ብሎናል። እኔ ምን እንደምል ታውቃለህ?»

«አይሰጣቸው ይላሉ። እርስዎ እንቢ ካሉ ደግሞ ሌላው እሺ አይልም።»

«ለምን እንደምልስ ታውቃለህ? በደርግ ጊዜ ታላቅ ወንድሜን ከሮቢት ገበያ አፍሰው ወሰዱት። ጨው ሊገዛ ነበር የወጣው። የያዘው ሰው እንዳንተው ክንዱ ላይ ጨርቅ ያሰረ ጥበቃ ነው። ማን አዘዘህ ሲባል “ሥልጣን አለኝ” አለ። ወንድሜ በዚያው ቀረ፤ እናቴ መቃብሩን ሳታይ ሞተች። ይኸው ከዚያ ወዲህ ክንዱ ላይ ጨርቅ ያሰረ ሰው ሥልጣን ስጡኝ ሲል እንቢ እላለሁ። ያንተን ደመወዝ ደግሞ የሚከፍለው ባቡሩ ነው። ለከፋዩ ነው እንጂ ለገበሬው ትፈርዳለህ?»

ይህ የዋዛ ክርክር አይደለም። ሽማግሌን ሁሉ ኋላ ቀር የሚል የከተማ ልጅ ቢሆን ኖሮ እዚህ ላይ ይስቅ ነበር። ኪሩቤል ግን አልሳቀም።

«ወንድምዎን የያዘው ሰው፣ ለሥልጣኑ ልክ ነበረው?»

«ምን ልክ አለው!»

«ከያዘው በኋላስ የት እንደወሰደው የጠየቀው አለ?»

«ማን ደፍሮ?»

«እኔ የምፈልገው ልኩ የተጻፈውን ነው። ሐዲዱና ዳር ዳሩ ላይ ብቻ እንጂ መንደር ገብቼ ሰው እንዳልይዝ። የያዝኩትን ሰው እኔ ቤት ሳላሳድር በዚያው ቀን ለፖሊስ እንዳስረክብ። ስሜና ቁጥሬ ደረቴ ላይ እንዲጻፍ፤ ሰው ከመታሁ እርስዎ ዘንድ እንድከሰስ። እንዲያውም ልንገርዎት፣ ዛሬ ሥልጣን ስለሌለኝ ተጠያቂም አይደለሁም። በቀለ ሲሞት ፖሊስ ቃሌን ተቀብሎ “አንተን አይመለከትህም፣ ሂድ” አለኝ። ሰው ከፊቴ ተፈጭቶ አይመለከተኝም! ሥልጣኑ ቢኖረኝ “ለምን አላነሣኸውም” ተብዬ እታሰር ነበር። በእግዚአብሔር ስም፣ እሱ ይሻለኝ ነበር።»

ነገሩ ከአቶ ወልደማርያም ልብ ውስጥ ገባ፤ አንገታቸው ግን ገና አልታጠፈም።

«አንተ ደግ ልጅ ነህ። ነገ ባንተ ቦታ የሚቀጠረው ክፉ ቢሆንስ?»

ኪሩቤል ሊመልስ አፉን ሲከፍት ከወደ ሰሜን የፊሽካ ድምፅ መጣ። ሁለቱም ዞሩ። ፉርጎዎቹ ከመታጠፊያው ብቅ ብለዋል፤ ባንዲራ ያዡ ከፊተኛው ፉርጎ ላይ ቆሞ እጁን ያራግባል። የሚያራግብበትንም ወዲያው አዩት። ከግራሯ ሁለት መቶ እርምጃ ያህል ራቅ ብሎ፣ በቀለ በሞተበት ቦታ፣ ማቅ የለበሰች ሴት ሐዲዱ ላይ ተቀምጣለች። ጌጤ ናት፣ የበቀለ ሚስት። ከልቅሶው መካከል ማንም ሳያያት ወጥታ የባሏ ደም የፈሰሰበትን ጠጠር በእጇ እየዳበሰች ታለቅሳለች።

ኪሩቤል ሮጠ። ሽማግሌውም እንደ ምንም ተከተሉት። ልጁ ደርሶ «እትዬ ጌጤ፣ ይነሡ! ይነሡ በማርያም!» አለ።

«አትንካኝ!» አለች ቀና ሳትል። «ባሌን ቆመህ አስበላህ፤ እኔን ደግሞ ልትነካ?»

ልጁ እጁን እንደ ዘረጋ ቀረ። ሐዘንተኛ ሴት፣ ሰልስቷ ያልወጣ! ወንድሞቿ ሰምተው ዝም የሚሉት ነገር አይደለም። አቶ ወልደማርያም ከኋላ ሆነው ያን እጅ አዩት፤ ወደ ፊትም ወደ ኋላም የማይል እጅ። እሑድ ዕለት እንዲሁ እንደነበረ በዚያች ቅጽበት ገባቸው።

«ያዛት!» ብለው ጮኹ። «ምን ትጠብቃለህ፣ አንሣት!»

ልጁ ከወገቧ አቅፎ አነሣት። ፊቱን ቧጨረችው፣ ነከሰችው፤ አለቀቃትም። ተያይዘው ከድልድሉ ቁልቁል ተንከባለሉ። ፉርጎዎቹ ፍሬናቸው እየጮኸ አለፉ፤ ባቡሩም እንደተባለው ከዋርካው አጠገብ ሄዶ ቆመ።

ሴቶች እየጮኹ መጥተው ጌጤን ወሰዷት። አልሞተችም፤ አላመሰገነችምም። ኪሩቤል ፊቱ እየደማ ሣሩ ላይ ተቀመጠ። አቶ ወልደማርያምም አጠገቡ ቁጭ አሉ።

«ጋሼ፣ የጠየቁኝን አልመለስኩልዎትም» አለ ልጁ ትንፋሹ ሲመለስ። «ክፉ ሰው ቢቀጠር ላሉት።»

«ተወው። እኔም ከችሎት ውጭ እንዳንተው ነኝ፤ ሰው ያዝ ብዬ የማዘው በምን ሥልጣኔ ነው? ባጃጅ ቶሎ መጥቶልኝ ቢሆን ኖሮስ? እሄድ ነበር። አንተም ቆመህ ትቀር ነበር።» ምርኩዛቸውን ከሣሩ ላይ አነሡ። «ሕግ ማለት እኔ ባልኖርም የሚኖረው ነው። ክፉ ቢቀጠር እንከሰዋለን፤ የሞተን ሰው ግን የትኛው ችሎት ይመልሰዋል?»

በሮቢቱ ስብሰባ ላይ አቶ ወልደማርያም ተነሡ። «ይሰጣቸው እላለሁ» አሉ።

ጋሽ ጀይላን፣ ከአሊዩ አምባ በኩል የመጡት ሽማግሌ፣ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። «ወላሂ ጆሮዬን አላምንም! ባለፈው ወር ዘበኛውን ድንጋይ ያሸከሙት እርስዎ አይደሉም ወይ?»

«እኔው ነኝ። ተሳስቻለሁ። አንድ ሰው ቀበርኩበት፤ ዛሬ ደግሞ ሁለተኛውን ልቀብር ነበር» አሉና የሆነውን ሁሉ ምንም ሳያስቀሩ ነገሯቸው።

ከዚያም ጥቅሙን አስረዱ። ጠባቂው ሥልጣን ካለው ገበሬው ከእርሱ ጋር ክርክር አይገጥምም፤ ባቡር ደግሞ የሁለት ሰዎች ክርክር እስኪያልቅ ቆሞ አይጠብቅም። ሥልጣኑ በወረቀት ላይ ልክ ከተበጀለት፣ ልኩን ያለፈውን ጠባቂ ድሃው ራሱ ስሙንና ቁጥሩን ጠርቶ ይከሰዋል። ከብቱም ከብት ጠባቂውም በሐዲዱ ላይ መመላለሱን ያቆማል። «ግን መከልከል ብቻውን አይበቃም» አሉ። «ገበሬው ድልድሉ ላይ የወጣው ሞት አምሮት አይደለም፤ ነፋስ ፈልጎ ነው። ድርጅቱ ጠጠር አውጥቶበት የተወው ከፍ ያለ ሜዳ ስላለ አስተካክሎ ለአውድማ ይስጠን። የኛም ሥራ ሳይቃጠል በቅጠል መሆን ነበረበት፤ እኛ ግን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆንን።»

ጋሽ ጀይላን «ልኩ ከተጻፈ እኔም አልቃወምም» ብለው ተቀመጡ። ቃለ ጉባኤው ላይ ሁሉም ፈረመ።

ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ አቶ ወልደማርያም ወደ ልቅሶው ቤት ተመለሱ። ኪሩቤልንም ይዘውት መጡ፤ የበቀለ ወንድሞች ሽማግሌውን አይተው ከደጁ ገለል አሉ። ጌጤ ከሴቶቹ መካከል፣ ድምፅዋ ተዘግቶ ተቀምጣለች። አቶ ወልደማርያም ጎንበስ ብለው ስብሰባው የተስማማበትን ነገሯት፤ ከእንግዲህ ጠባቂው በሐዲድ ላይ ያገኘውን ሰው በግድም ቢሆን እንዲያነሣ መጠየቃቸውን፣ አውድማም እንዲሰጥ መለመናቸውን።

ጌጤ አዳመጠቻቸው። «ጋሼ» አለች በሻከረ ድምፅ። «እኔን ያዛት አሉት አይደል?»

«አዎ ልጄ።»

«ለበቀለ ለምን እንደዚያ አላሉትም?»

«ትክክል የፈረድሁ መስሎኝ ነበር።»

«ለሌላው ሰው ይሁን እንግዲህ። የሌላው ልጆች አባት ይኑራቸው» አለች። «ለእኛ ግን አራት ሳምንት ዘገየ።»

አቶ ወልደማርያም ጋቢያቸውን አዘቅዝቀው ለብሰው ከወንዶቹ መካከል ገብተው ተቀመጡ።