ይረፍ ተዉት

የልብስ ሰፊው ሚስት ከጽኑ ሕሙማን ክፍል ወጥታ ኮሪደሩ ላይ ካለው ቧንቧ ፊቷን ስትታጠብ፣ ባሏን የምትከታተለው ነርስ ጆግ ይዛ ድንገት መጣች። እንዳይተላለፉ ቦታው ጠባብ ነው።

«እማማ፣ የአልጋውን ራስጌ ዝቅ ያደረጉት እርስዎ ነዎት?» አለች ነርሷ በትሕትና።

«እኔ ነኝ። ያን የሚያህል ሰውዬ ቀጥ አድርጋችሁ ስታስቀምጡት አንጀቴ አልችል አለ። ትንሽ ይረፍ ብዬ ነው፣ ልጄ።»

«ዛሬ የማሽኑን እገዛ ቀንሰን በራሳቸው እንዲተነፍሱ ልንሞክር ነበር። ተንጋለው ስናገኛቸው ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይል ነበርና ተውነው።»

ሴትዮዋ ክው አለች። እልኸኛ ናትና እጅ አልሰጠችም። «ማሽኑ እየተነፈሰለት ለምን ይለፋል? ዕድሜውን ሙሉ ለፍቷል። ይረፍ ተዉት!»

«ይቅርታ ያድርጉልኝና እማማ፣ እዚህ ክፍል ውስጥ ‹አረፈ› የምንለው ምን የሆነውን ሰው ነው?»

ሴትዮዋ ቧንቧውን ዘጋች። ለእፎይታም ለሞትም አንዱን ቃል የምንጠቀም ሰዎች አንዳንዴ የምንለምነውን አናውቅም።

«ሰውነታቸው ከባድ ነው» ስትል ነርሷ ቀጠለች። «ሲንጋለሉ ሆዳቸው ወደ ላይ ይገፋና ሳንባቸውን ይጫነዋል፤ ቀና ሲሉ ሳንባው ይከፈታል። ማሽኑም ቢሆን በቆየ ቁጥር የመተንፈሻ ጡንቻቸው ሥራ ፈቶ ይደክማል፤ በጉሮሯቸው የገባው ቱቦም ኢንፌክሽን ያመጣል።»

«በውፍረቱ ተስፋ የቆረጣችሁ መስሎኝ ነበር።»

«ተስፋ ብንቆርጥማ ማን ቀና ያደርጋቸው ነበር?»

«ቱቦው ወጥቶ ቢያቅተውስ?»

«ወዲያው በጭምብል አየር እናግዛቸዋለን። ካልሆነም ቱቦውን መልሰን ሌላ ቀን እንሞክራለን።»

ሴትዮዋ በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን አበሰች። «እውነቱን ልንገርሽ? ስትነቅሉት ከሚሞትብኝ ተኝቶም ቢሆን ይኑርልኝ ብዬ ነው። ልጅ የለን፣ ዘመድ የለን። በማንኮራፋቱ ስማረር ኖሬ፣ አሁን ቤቱ ጭር ሲልብኝ እንቅልፍ በዓይኔ አይዞርም።»

«እንግዲያው ነገ አጠገባቸው ይሁኑ። ሲነቁ እንዳይደነግጡ የሚያውቁት ድምፅ ይስሙ።»

በማግስቱ የአልጋውን እጀታ ይዛ እያዞረች ቀና ያደረገችው ሚስቲቱ ራሷ ናት። ማደንዘዣው ተቀነሰ፤ ሰውዬው ዓይኑን ገልጦ እያላበው በራሱ ተነፈሰ፤ ሐኪሙም ቱቦውን አውጥቶ ጭምብሉን አደረገለት። ሲውል ሲያድር አክታውን በራሱ አስሎ አወጣ፣ ወንበር ላይ ተቀመጠ፣ ውሃ ዋጠ። ይህ ሁሉ የመጣው ሰውነቱ ሥራውን እንዲሠራ ስለተፈቀደለት ነው፤ ለሚወዱት በሽተኛ መራራት ማለት ሁልጊዜ ማስተኛት አይደለም።

አንድ ከሰዓት በኋላ ጭምብሉ ለጥቂት ጊዜ ሲወልቅለት፣ በሻከረ ድምፅ «ማታ ማታ ማን አብሮሽ ያድራል?» አላት።

«ማንም» አለች፤ ሰው ሁሉ እያያት ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።